ስም አንድ፣ ቦታ ብዙ፤ በመካነ ሰላምና በምዕራባዊው የወሎ ደጋ የቦታ ስሞች ላይ የቀረበ ትችት

የቦታ ስሞችን ሰብስበው በፊደል ተራ የሚያሰልፉ መጻሕፍት ለተመራማሪ የሚሰጡትን አገልግሎት የሚክድ ሰው የለም። ይሁን እንጂ የፊደል ተራ የራሱ ጠባይ አለው። በምድር ላይ የብዙ ሳምንት መንገድ የሚለያያቸውን ሁለት አገሮች፣ ስማቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ፣ በገጹ ላይ ጎረቤት ያደርጋቸዋል፤ በምድር ላይ አንድ ወንዝ ብቻ የሚለያቸውን ደግሞ ስማቸው ስለማይመሳሰል በየጥራዙ ይበታትናቸዋል። አንባቢም ዓይኑ ያየውን ጉርብትና ቀስ በቀስ ወደ ዝምድና ይለውጠዋል፤ ስም ከስም ሲገጥም ሕዝብ ከሕዝብ የተወለደ፣ ገዳም ከገዳም የተከፈለ ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ይህንን ልማድ ነው።

ለምርመራው የመረጥነው ስፍራ መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተመሠረተች፣ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን በምዕራብ የዓባይ ሸለቆ ከምሥራቅ ጎጃም ይለየዋል፤ በሰሜን የሳይንት አገሮች፣ በሰሜን ምሥራቅ ለጋምቦ፣ በደቡብም ወግዲና ከላላ ያዋስኑታል። ይህን አገር የመረጥነው አራት ቋንቋዎች በስሞቹ ላይ ተራ በተራ እጃቸውን ያሳረፉበት በመሆኑ ነው። መካነ ሰላም ንጹሕ ግዕዝ ነው፤ ለገሂዳ የሚጀምረው ወንዝ ማለት ከሆነው የኦሮምኛ ቃል ከ‹ለገ› ነው፤ ቱሉ አውሊያ ደግሞ የኦሮምኛውን ‹ቱሉ›፣ ማለት ኮረብታን፣ ከዐረብኛው ‹አውሊያ›፣ ማለት ከቅዱሳን ጋር ያጋባል። አማርኛውም ሁሉን በራሱ አፍ እያለሰለሰ ይጠራቸዋል። እንዲህ ባለው አገር አንድ ስም በሌላ ስፍራ ተደግሞ ሲገኝ ‹ከየት መጣ› ብሎ ከመጠየቅ በፊት ‹በማን አፍ መጣ› ብሎ መጠየቅ ይገባል ብለን እናምናለን። መነኵሴ ያመጣው ስም፣ ጎሣ ይዞት የተጓዘው ስም፣ የመንግሥት ጸሓፊ በመዝገብ ያጸናው ስምና የባዕድ አገር ሰው በጆሮው የሰማው ስም አንድ ዓይነት ምስክርነት አይሰጡምና።

ስለ ቦታ ስም ከተደከመባቸው ሥራዎች መካከል ሦስቱን ማንሣት ግድ ይሆናል። ሀንቲንግፎርድ ካረፉ በኋላ በሪቻርድ ፓንክኸርስት አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የኢትዮጵያ ታሪካዊ መልክዐ ምድር ከመጀመሪያው መቶ ዓመት እስከ 1704 ድረስ ያሉትን ስሞች በየነገሥታቱ ዘመን ያሰፍራል። የዚህ አሠራር ብልጫው ስሙን ከዘመኑ ነቅሎ ለብቻው አለማቆሙ ነው። ስዊድናዊው በርንሃርድ ሊንዳል አዘጋጅተውት ኡፕሳላ የሚገኘው የኖርዲክ የአፍሪካ ተቋም ለአንባቢ ያቀረበው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ታሪክ ደግሞ በፊደል ተራ የተደራጀ ነው፤ ለየስሙ የተለያየ አጻጻፉን፣ ሲገኝም ትርጉሙን፣ የካርታ ምልክቱንና ከፍታውን ይሰጣል፤ ከመንገደኞችም መጻሕፍት እየቀነጨበ ያስነብባል። ትዕግሥቱ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በ5 ጥራዝ የወጣው፣ በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ሲሆን፣ በላቲን ፊደል ላይ ልዩ ልዩ ምልክት እየጨመረ የግዕዝን ፊደል ድምፅ ለመጠበቅ ከሁሉ ይልቅ ተጠንቅቋል። በእነዚህ ላይ የምናቀርበው ቅሬታ ያላቸውን የሚያሳንስ አይደለም። ሊንዳል ስሞቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ቦታዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን በካርታ ምልክቱ በሚገባ ያስረዳሉ፤ ነገር ግን የካርታ ምልክት ቦታን ከቦታ ይለያል እንጂ ስምን ከስም አይለይም። ሁለቱ ስሞች በመካከላቸው ምን ዓይነት ዝምድና እንዳለ፣ ወይም ጨርሶ ዝምድና እንደሌላቸው፣ ተጠቃሚው ራሱ እንዲፈርድ ይተወዋል፤ ተጠቃሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ይፈርዳል።

የዚህ ፍርድ ጉዳት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ቦረና በሚለው ስም ላይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሁለት የቦረና አውራጃዎች ነበሩ፤ አንዱ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ሁለተኛው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት። የጠቅላይ ግዛቱ ስም በተቈረጠ ወረቀት ላይ ‹የቦረና አውራጃ› የሚል ጽሑፍ ያገኘ ተመራማሪ የወሎውን ነው ወይስ የሲዳሞውን የሚለውን ከሌላ ምስክር መፈለግ አለበት። በወሎው ቦረና አማርኛ ይነገራል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው ይኖራሉ፤ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ በግ ይረባል። በደቡቡ ቦረና ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ ሕዝቡ ከብትና ግመል አርቢ ነው፤ የገዳ ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ እየቀዳ፣ ወሰንም ተሻግሮ በኬንያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ይኖራል። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት ስመ ጥር መጽሐፍ ያጠኑት ይህን የደቡቡን ሕዝብ ነው። ተማሪ በቤተ መጻሕፍት መዝገብ ‹ቦረና› ብሎ ሲፈልግ የአስመሮም መጽሐፍና በደጋው ወሎ ስላለው የደንቆሮ ጫካ የተጻፉ ጥናቶች በአንድ ሰልፍ ይመጡለታል።

ይህ ግራ መጋባት እስከ ዱር አራዊት ድረስ ይዘልቃል። በወሎው ወገን የደንቆሮን ጫካ የያዘው የቦረና ሳይንት ወረ ኢመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ውርጫም ደጋ ነው። በደቡቡ ወገን ደግሞ ቀድሞ የያቤሎ የዱር አራዊት መጠለያ ይባል የነበረው የቦረና ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ እርሱም በዓለም ላይ በዚያ አካባቢ ብቻ የሚታየው የቁራ ወገን ወፍና ጅራቱ ነጭ የሆነው ወንጭፍት የሚኖሩበት የግራር ቆላ ነው። ‹የቦረና ፓርክ› ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀዩን ቀበሮ ወደ ግራር ምድር፣ ወፉንም ወደ ውርጭ ይሰድዳል። ከብትም እንዲሁ ነው። በኬንያ ርቢ ጌቶች ዘንድ የታወቀው፣ ከአህጉሩም ውጭ የተወሰደው የቦረና ከብት ዘር ስሙ ከደቡቡ ነው፤ በመካነ ሰላም ገበያ ስለሚሸጠው በሬ ‹የቦረና በሬ› ቢባል በቦታው ትክክል ነው፣ በዘሩ ግን ስሕተት ነው።

ታዲያ ሁለቱ ስሞች ዝምድና የላቸውምን? አላቸው። ነገር ግን ዝምድናው ሰዎች እንደሚያስቡት የእናትና የልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የጻፈው አባ ባሕርይ ሕዝቡን በሁለት ታላላቅ ወገኖች፣ በቦረንና በበርቱማ፣ ይከፍላል። ቦረና የሚለው ስም ከመጀመሪያው የአንድ ወገን ስም ነበር እንጂ የአንድ ቦታ ስም አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዓመት የኦሮሞ ሕዝብ በሰፊው በተንቀሳቀሰ ጊዜ ስሙ ከሰዎቹ ጋር ተጓዘ፤ በተቀመጡበትም ስፍራ ከሰው ወደ መሬት ተላለፈ። ስለዚህ የወሎው ቦረና ከዛሬው የቦረና ዞን ወጥቶ የመጣ ቅርንጫፍ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሁለቱም የአንድ አሮጌ ስም ወራሾች ናቸው። በደቡብ የቀሩት ስሙን ከቋንቋውና ከሥርዓቱ ጋር ጠበቁት፤ በደጋው ወሎ ስሙ ጸንቶ ቋንቋው ተለወጠ። ስም ከቋንቋ ይልቅ ዕድሜው እንደሚረዝም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ከስሙ ብቻ ተነሥቶ ‹የዚህ አገር ሰው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው› ብሎ መፍረድም፣ ቋንቋውን ብቻ አይቶ ‹ስሙ ትርጉም የለውም› ብሎ መጣልም ሁለቱ እኩል የተሳሳቱ ናቸው። የመጀመሪያው በስፍራው የቈየውንና በኋላ የተቀላቀለውን ሕዝብ ይሰርዛል፤ ሁለተኛው የ16ኛውን መቶ ዓመት ይሰርዛል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ባሕርይ ከከረዩ ልጆች መካከል ሊበንንና ወሎን ይቈጥራል፤ ከረዩንም ከበርቱማ ወገን ያደርገዋል። ስለዚህ ‹በወሎ የሚገኘው ቦረና› ብለን ስንናገር በባሕርይ አከፋፈል የአንደኛው ወገን ስም በሌላኛው ወገን ስም ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ዘመዶቹ ስሞችም ቢሆኑ በየአገሩ ተበትነዋል፤ ሊበን በምሥራቅ ሸዋ ሊበን ጩቃላ ተብሎ፣ በደቡብም በነገሌ ወገን ይገኛል፤ ከረዩ በመተሐራና በፈንታሌ አካባቢ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ስም ሲሆን፣ በደቡቡ ቦረና መካከል ደግሞ የአንድ ጎሣ ስም ነው። ወሎ ራሱ ከጎሣ ስም ተነሥቶ የአንድ አካባቢ ስም ሆነ፤ ኋላም ላስታንና ዋግን፣ የጁንና አውሳን የጠቀለለ ጠቅላይ ግዛት ስም ሆነ፤ ዛሬ በዞኖች ስም ላይ ይገኛል፤ በአዲስ አበባም ከቦሌ መንገድ አጠገብ ወሎ ሰፈር ተብሎ ይኖራል። ‹ወሎ› የሚለውን ቃል በአንድ ድርሰት ውስጥ ዘመኑን ሳይጠቅስ የሚጠቀም ጸሓፊ ስለ አራት ልዩ ልዩ አገር እየተናገረ መሆኑን አይገነዘብም። ለገሂዳም መንትያ አለው፤ አንዱ የደቡብ ወሎ ወረዳ፣ ሌላው በባሌ። ወረ ኢሉም ቢሆን የኢሉ ቤተ ሰብ፣ የኢሉ ወገን ማለት ነው፤ ኢሉ የሚለው ስም በደቡብ ምዕራብ ሸዋ የወረዳ ስም ሆኖ ይገኛል፤ በምዕራብም ኢሉ አባቦራን እናገኛለን። ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸውን እ.ኤ.አ. በ1895 ያስከተቱት በወሎው ወረ ኢሉ ነው።

አሁን ወደ መነኵሴው አፍ እንለፍ። የመካነ ሰላም ወረዳ ዛሬ ቦረና ቢባልም በመዝገብ ደብረ ሲና ሲባልም ቈይቷል፤ ሁለቱም ስሞች በካርታና በሠንጠረዥ እየተፈራረቁ ይታያሉ። እዚህ ላይ የጸሓፊው ሥራ ይታያል፤ አንዱን ስም አንሥቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ አንባቢውን ከአንድ የመንትዮች ቤት አውጥቶ ወደ ሌላ የመንትዮች ቤት አስገባው። ደብረ ሲና የሚለው ስም ከቦረና ይልቅ ብዙ ወንድሞች አሉትና። በሰሜን ሸዋ ከጣርማ በር ገደል በታች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብረ ሲና ከተማ አለ፤ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ በኤርትራ ከከረን በስተ ምሥራቅ የደብረ ሲና ገዳም አለ። የሁሉም ምንጭ በግብፅ ያለው፣ ሙሴ ሕግ የተቀበለበት ተራራ ነው። እዚህ ላይ የስሙ መንገድ ከቦረና መንገድ ፈጽሞ ይለያል። ከሲና ተራራ ወደ ወሎ፣ ወደ ሸዋ ወይም ወደ ጎርጎራ የተጓዘ ሕዝብ የለም፤ የተጓዘው መጽሐፉ ነው። ይህ የመታሰቢያ ስም ነው። በላሊበላ ዮርዳኖስን፣ በበጌምድር ደብረ ታቦርን የሰየመው ይኸው ልማድ ነው፤ ዛሬ ቢሾፍቱና አዳማ የሚባሉት ከተሞችም ለብዙ ዘመን ደብረ ዘይትና ናዝሬት ተብለው ኖረዋል። ስለዚህ ሁለት ደብረ ሲናዎች በመካከላቸው የገዳማዊ ትውልድ ዝምድና አላቸው ለማለት ከስሙ ውጭ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ይህ ከቃል ጨዋታ ያለፈ ነገር መሆኑን የብራና መጻሕፍትን የመረመረ ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ብራና መጨረሻ ‹ዘደብረ ሲና› የሚል ቃል ቢገኝ መጽሐፉ የወሎው ነው ወይስ የሸዋው፣ የጎርጎራው ነው ወይስ የኤርትራው? የግዕዙ ‹ደብር› ተራራም ገዳምም ማለት ስለ ሆነ ቃሉ ብቻውን ቤተ ክርስቲያንን ከአገር እንኳ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ያነሣው፣ በአሜሪካ ሚኔሶታ በኮሌጅቪል ካለው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር የተሠራው ታላቅ ሥራ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የተገኘበትን ቤተ ክርስቲያንና አውራጃውን መመዝገቡ ለዚህ ጥያቄ ታላቅ ርዳታ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፍ የሚገኝበት ስፍራና መጽሐፍ የተጻፈበት ስፍራ አንድ መሆን ግድ የለበትም፤ ብራና ከሰው ይልቅ ይሰደዳል። በዚህ ምክንያት አንዱ ደብረ ሲና ያልጻፈው መጽሐፍ ባለቤት፣ ሌላውም የጻፈውን የተነጠቀ ሊሆን ይችላል።

መካነ ሰላም የሚለው ስም ራሱስ? ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። (መካን የሚለው ቃል በግዕዝ ስፍራ ማለት ሲሆን የማትወልድ ሴትም መካን መባልዋ ቃላትም እንደ ቦታዎች ሞክሼ እንዳላቸው ያሳያል።) በዚህ አሠራር የቆሙ ስሞች ሌሎችም አሉ፤ በደቡብ ጎንደር በእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ በሰሜን ተራሮች አጠገብ በጃናሞራ መካነ ብርሃን ይገኛሉ። ታንዛኒያዊው ዳሬ ሰላም፣ የጥንቷ ባግዳድም ‹የሰላም ከተማ› መባልዋ፣ በቦሊቪያም ላ ፓዝ፣ ሁሉም በትርጉም የመካነ ሰላም እኅቶች ናቸው። ይሁን እንጂ የትርጉም መመሳሰል የስም መመሳሰል አይደለም፤ ሰላምን የማይመኝ አገር ስለሌለ ከዚህ ታሪክ ለመቅዳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

አደጋው ያለው በሌላ በኩል ነው። በዚያው በወሎ ምድር፣ በጥንቱ አምሐራ፣ መካነ ሥላሴ የሚባል ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት ይህ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ሠራዊት ተቃጠለ፤ የዘመቻው ጸሓፊ ዐረብ ፈቂህም ወርቁንና ብሩን እያደነቀ ገልጾታል። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉ፣ ይህንኑ ቤተ ክርስቲያን ጠቅሶታል። ነገር ግን በመጽሐፉ ላይ ስሙ በእኛ ፊደል ቢገለበጥ ‹ማቻም ሴላሴም› በሚመስል አጻጻፍ ይገኛል። መድረሻው ላይ የቆመው ‹ም› ከፖርቱጋል አጻጻፍ ልማድ የመጣ እንጂ ከስሙ የተገኘ አይደለም፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ግን ‹መካነ› ብሎ የሚጀምርና በ‹ም› የሚያበቃ ስም በወሎ ሲፈልግ ዓይኑ በቀጥታ መካነ ሰላም ላይ ያርፋል። ለመዳን የሚያበቃው ቀላል ነገር ነው፤ ፊደሎቹን መቍጠር። በአልቫሬዝ ስም ውስጥ የ‹ሰ› ድምፅ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ በሰላም ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሥላሴ እንጂ ሰላም አይደለም።

ይህን ልዩነት ማጥፋት የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም። ለአማርኛ ጥናት በአውሮፓ መሠረት የጣለው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ መምህሩ አድርጎ የያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ወደምትባለው ከተማ የተጓዘው አባ ጎርጎርዮስ የዚሁ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበር። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው የዚህ ሰው ዕውቀት አሻራ አለባቸው። ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1658 በባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮ ሞተ። የትውልድ ስፍራውን በአንድ ፊደል ማሳሳት ማለት የአማርኛ ጥናት የተጀመረበትን ደጅ ከቤቱ ማራቅ ማለት ነው።

ጎርጎርዮስ አምሐራዊ ነኝ ሲል ምን ማለቱ ነበር? እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ስም ይመጣል። በጥንቱ አነጋገር አምሐራ ወይም ቤተ አምሐራ የሚባለው በሰሜን በበሽሎ፣ በምዕራብ በዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ ቆላው በሚያወርደው ገደል መካከል ያለው፣ በአብዛኛው ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር ነው። ከ1992 ወዲህ፣ ኋላም በ1995ቱ ሕገ መንግሥት (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)፣ አማራ የሚለው ስም ጎንደርን፣ ጎጃምንና ሰሜን ሸዋን ጭምር የያዘ ክልል ስም ሆነ። ጥንታዊውን ስፍራ በስሙ እንደ ያዘ የቀረው አማራ ሳይንት ነው፤ መካነ ሰላም የምትዋሰነው ይህን ነው። ስለዚህ የ15ኛው መቶ ዓመት ዜና መዋዕል ‹ንጉሡ ወደ አምሐራ ወረደ› ሲል ንጉሡ የሄደው ወደ እነዚህ ተራሮች ነው እንጂ ዛሬ በካርታ ላይ ወደምናየው ሰፊ ክልል አይደለም። ስለ አንድ ጠባብ አውራጃ የተነገረውን ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚያለብስ፣ ወይም በተቃራኒው ስሙ ጠባብ ስለ ነበረ ሕዝቡም አልነበረም የሚል ሁሉ ሁለት ሞክሼ አገሮችን አንድ አድርጎ እየቈጠረ ነው። እንግሊዛዊው ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 የአማራን ተራራ በግጥሙ ሲጠቅስ፣ ጆንሰንም በ1759 የራሴላስን ሸለቆ በአምሐራ መንግሥት ሲያስቀምጥ፣ ከመንገደኞች የተቀበሉት ይህንኑ የጥንቱን ስም ነው፤ ሁለቱም አገሩን አላዩትም።

ወደ ፊደል ጉዳይ ስንመለስ፣ የላቲን ፊደል ያለ ምልክት ሲጻፍ ‹ተ›ን ከ‹ጠ›፣ ‹ከ›ን ከ‹ቀ› አይለይም፤ በእኛ ዘንድ ሁለት የሆነውን አንድ ያደርጋል። መቅደላ ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ነው። እንግሊዞች በ1868 (እ.ኤ.አ.) ሚያዝያ 13 ቀን አምባውን በያዙ ጊዜ ስሙን በወንጌል ካለችው የገሊላ ከተማ ከመግደላ ስም ጋር በአንድ አጻጻፍ ጻፉት፤ የጦር አዛዡ ናፒየርም በዚሁ አጻጻፍ የመቅደላ ባሮን ተብሎ ማዕረግ ተቀበለ። በጀርመንም በቱሪንጊያ፣ በቫይማርና በየና መካከል፣ እንዲሁ የሚጻፍ ትንሽ ከተማ አለ። በግዕዝ ፊደል ‹ቅ›ና ‹ግ› ፊት ለፊት ቆመው ስሙን ይለያሉና መግደላዊት ማርያም ከቴዎድሮስ አምባ ጋር ግንኙነት የላትም። በዚህ ዘመን ደግሞ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከመቅደላ ርቆ በመካነ ሰላም ጭምር ግቢ መክፈቱ ለመጪው ዘመን ተመራማሪ አዲስ ሥራ አዘጋጅቶለታል። ጃማም እንዲሁ ነው። የደቡብ ወሎው ጃማ ወረዳ ጎረቤቱ ከሆነው ከሰሜን ሸዋው የጀማ ወንዝ ጋር ቢነጻጸር ያስኬዳል፤ ጅማ አባ ጅፋር፣ ጅማ ራሬና ጅማ ገነቲ ግን ሌላ የጎሣ ስም የተሸከሙ አገሮች ናቸው፤ በባዕድ ካርታ ላይ አናባቢው ሲለዋወጥ ግን ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ።

በራሳችን ፊደል ላይም መመካት አይገባም። የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ የበዓሉ ገና እና ‹ገና አልመጣም› የሚባለው ገና በጽሕፈት አንድ ናቸው። ሣይንትና ሳይንት፣ አምሐራና ዐማራ ደግሞ በጽሕፈት ሁለት ሆነው በአፍ አንድ ናቸው። ወለቃ የሚለው ስም ጥበቡን ሁሉ ይፈትናል። ከእነዚህ ደጋዎች ወርዶ ወደ ዓባይ የሚገባው ወንዝ ወለቃ ነው፤ የወንዙን ዳር የያዘው ጥንታዊ አገርም ወለቃ ይባል ነበር፤ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ በሸክላ ሥራው የታወቀ የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃ አለ። የመንደሩ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ስሙን በትዝታቸው ይዘው ሄዱ። ዛሬ በእስራኤል አገር የሚሰበሰብ የቃል ታሪክ ‹ወለቃ› ቢል ወደ ጎንደሩ፣ የ17ኛው መቶ ዓመት የኢየሱሳውያን ጽሑፍ አምሐራን አጠገቡ አድርጎ ‹ወለቃ› ቢል ወደ ወንዙ አገር መመልከት ይገባል። ፊደሉም ድምፁም እዚህ አይረዳም፤ የሚረዳው የተናጋሪው ማንነት ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደፊት የሚዘጋጅ የቦታ ስሞች መዝገብ ለየስሙ የአውራጃውን ወይም የወረዳውን ስም መስጠቱ አይበቃውም፤ አውራጃ ይሻራል፣ ወረዳም ስሙን ይለውጣል፣ ቦረናና ደብረ ሲና እንደ ሆኑት። የማይሻረው የተፋሰሱ ነገር ነው። ‹መካነ ሰላም፤ በዓባይ ምሥራቅ፣ ከወለቃ በስተ ሰሜን› ብሎ የጻፈ ሰው በየትኛውም መንግሥት ዘመን ይነበባል። ከዚያ ቀጥሎ ስሙ በግዕዝ ፊደል፣ የሚጠብቀው ፊደል ተመልክቶ፣ በየቋንቋው የሚጠራበት ድምፅ ተለይቶ፣ በመጀመሪያ የተገኘበት ጽሑፍና ዘመኑ ተጠቅሶ ይጻፍ። ከሞክሼው ጋር ያለው ዝምድናም በአንድ ቃል ይገለጽ፤ የጎሣ ነው፣ የመታሰቢያ ነው፣ የመዝገብ ነው፣ ወይም የጆሮ ስሕተት ነው ተብሎ። የወሎው ለገሂዳ ገጽ የባሌውን ሲጠቅስ ‹ተመልከት› ብሎ ብቻ ከሚያልፍ፣ ‹ለገ› የሚለው ቃል ወንዝ ባለበት የኦሮምኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ ሊደገም የሚችል መሆኑን ይናገር፤ ሁለተኛውን የስሙን ክፍል፣ ‹ሂዳ›ን፣ የሚያጠና ተማሪ ጥያቄውን ከዚያ ይጀምራል።